«አይሁድ በምን ያምናሉ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ

ልጆቼ፣

ጥያቄያችሁ የቆየ ጸጸት ቀሰቀሰብኝ። ስንቱን ጠያቂ አይሁዳዊው ሊቅ ማይሞኒደስ በ12ኛው መቶ ዘመን የደረደራቸውን 13 የእምነት መሠረቶች ቆጥሬ ሸኘሁት! ዝርዝሩ ስህተት ሆኖ አይደለም። ግን ሌላው አይሁዳዊ ሊቅ አብራቫኔል ኋላ ተነሥቶ «ኦሪት ሁለመናዋ መሠረት ነው፤ ከውስጧ መርጦ ማውጣት አይገባም» ብሎ እንደሞገተ ሳልነግራቸው ነው።

ለዘመናዊው ክርክር መነሻው በርሊን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1769 የዙሪኩ ቄስ ላቫተር ለክርስትና የሚሟገት መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ተረጎመና ለአይሁዳዊው ፈላስፋ ለሞሰስ ሜንደልሶን አበረከተለት፤ ወይ በአደባባይ አፍርሰው፣ ወይ ሶቅራጥስ ቢሆን የሚያደርገውን አድርግ ሲል። ወጥመዱን አያችሁት? ቢያፈርስ የአገሩን ሃይማኖት ሊዳፈር ነው፤ ዝም ቢል ተረታ ሊባል ነው። በርሊን የሚኖረው ደግሞ ለልጆቹ በማይተላለፍ የግል ፈቃድ ነበር። «ሃይማኖቴ ሌላውን ስበህ አስገባ አይለኝም» በሚል መንፈስ በጨዋነት መለሰ። ጤናው ግን ብዙም ሳይቆይ ተቃወሰ።

ሙሉ መልሱ በ1783 «ኢየሩሳሌም» በተሰኘው መጽሐፉ መጣ። የአምላክን መኖር የመሰለ ዘላለማዊ እውነት የማንም ሰው አእምሮ ይደርስበታል፤ በሲና የተሰጠው ሕግ ነው፤ ኦሪት «አድርግ፣ አታድርግ» ትላለች እንጂ «እመን» ብላ አታዝም። ተማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ «እምነት አያስፈልግም ማለቱ ነው» ይላል። አይደለም፤ እምነት በትእዛዝ አይመጣም ነው ያለው። ድካሙ ሌላ ቦታ ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1781 ስለ አምላክ መኖር የሚቀርቡትን ማስረጃዎች አንድ በአንድ ነቅፎ ነበር። የአእምሮ ምሰሶ ከተነቃነቀ ሕጉ በምን ይቆማል?

ለዚህ ጥያቄ አይሁዳዊው ፈላስፋ ቡበር በ1923 «‹አንተ› ከምንለው አምላክ ጋር በመገናኘት» አለ። ሌላው አይሁዳዊ አሳቢ ሌይቦቪች ደግሞ እምነት የትእዛዛቱን ቀንበር ለመሸከም መወሰን ነው አለ፤ ጸሎትም ጉዳይ ማስፈጸሚያ አይደለም። አባባሉ መራራ ነው፤ ለእኔ ግን ከቡበር ይልቅ ይጨበጣል።

እናንተ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ትውልድ ናችሁ፤ የ«ኢየሩሳሌም»ን ሁለተኛ ክፍል ብቻ እንኳ በዝግታ አንብቡ። 13ቱንም ሸምድዱ፤ አዎ፣ ከላይ ተጸጸትኩበት ብያለሁ፤ ግን በምኩራብ የሚዘመረው «ይግዳል» ያለ እነሱ አይገባችሁም።

አማርኛ ተናጋሪ መሆናችሁም ይጠቅማችኋል። እምነት የሚባለው የዕብራይስጡ «ኤሙና» ከእኛ «አመነ» ጋር አንድ ሥር ነው። በዘጸአት 17፥12 ላይ ግን ቃሉ የሙሴን እጆች ነው የሚገልጸው፤ አሮንና ሖር ደግፈዋቸው ፀሐይ እስክትጠልቅ ሳይዝሉ የጸኑትን እጆች።