ካሴቱ አልዘገየም

ደሴ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሬዲዮና ቴፕ ጠግኛለሁ። ዛሬ ለእናንተ ለወጣቶቹ የምጽፈው ግን ስለ ጥገና አይደለም፤ ስለ ማድመጥ ነው። አንዱን የክላሲካል ሥራ ሁለት ሰዎች ሲጫወቱት እያስተያዩ ስለ ማድመጥ። ይህን ደስታ ያገኘሁት እዚያው ሱቄ ውስጥ፣ ካቻቢቴ በእጄ ይዤ ነው።

በ1984 ዓ.ም ገደማ ነበር። ሆጤ አካባቢ ይኖሩ የነበሩ አንድ መምህር ቤልቱ የተበጠሰ ቴፕ አመጡልኝ። "ሲያልቅ በነዚህ ሞክረው" ብለው ሁለት ካሴት ጥለውልኝ ሄዱ። ቤልቱን ቀየርኩና የመጀመሪያውን ካሴት ከተትኩ። ልባሱ ላይ ፓብሎ ካሳልስ ይላል። አንድ ቼሎ፣ ቫዮሊን የሚመስል ትልቅና ድምፀ ወፍራም መሳሪያ፣ ብቻውን ይጫወታል። ከኋላው ግን ሽሽሽ የሚል ድምፅ አለ። የቴፑ ሄድ፣ ካሴቱን የሚያነበው ክፍል፣ ቆሽሿል ብዬ በጥጥና በአልኮል ወለወልኩት። ሽሽታው እንዳለ ነው። ደግሜ ወለወልኩት። ያው ነው።

ተውኩትና ሁለተኛውን ካሴት አስገባሁ። ሽሽታ የለውም፣ ጥርት ያለ ነው። ዜማው ያው የቅድሙ ነው። ግን ይጎተታል። ሞተሩ ደክሟል አልኩ። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር መሄድ አለበት። ከዚያ ከዘገየ ዜማው ብቻ አይደለም የሚጎተተው፣ ድምፁም ይወፍራል። ከመቶ ስድስት እጅ ያህል ቢዘገይ ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም ፒያኖ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያህል፣ ይወርዳል። ይህን እያሰብኩ ቴፑን እንደገና ፈታሁት።

ጎረቤቴ ክራር ይመታ ነበር። "ና እስቲ፣ ጆሮህን አውሰኝ" አልኩት። የመጀመሪያውን ካሴት ከፍተን የክራሩን አንዷን ክር ከቼሎው ድምፅ ጋር አገናኘ። ከዚያ ሁለተኛውን ከፈትን። ክሯን መታት። ገጠመች። ድምፁ አልወረደም! የዘገየው ዜማው ብቻ ነው።

መምህሩ ሲመጡ ነገርኳቸው። "አቦ፣ ቴፑማ ደህና ነው። ሰውየው ነው ቀስ ያለው" አሉኝ። ሽሽታውንም አስረዱኝ። ካሳልስ የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የባህን ስድስት የቼሎ ስዊቶች (እያንዳንዳቸው ተከታታይ አጫጭር ክፍሎች ያሏቸው ሥራዎች) የቀረጸው እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1939 ባለው ጊዜ ነው። የተቀረጸው በቴፕ አይደለም፣ በሸክላ ነው። ሽሽታው የሸክላው ነው እንጂ የኔ ሄድ አይደለም። ካሳልስ ኖታውን ያገኘው በ13 ዓመቱ፣ ባርሴሎና ውስጥ ያገለገሉ ኖታዎች ከሚሸጡበት ሱቅ ነው። ስዊቶቹን ለመቅረጽ ሲቀመጥ ዕድሜው 60 ሊሞላ ነበር። ይህን ከሰማሁ በኋላ ሽሽታው አስጠልቶኝ አያውቅም።

ልጆቼ፣ ሁለት ቅጂ ስታስተያዩ መጀመሪያ ይህን ለዩ። ከመሳሪያው የመጣው የቱ ነው? ከሰውየው የመጣውስ? ዛሬም ኢንተርኔት ላይ ፍጥነታቸው የተዛባ ቅጂዎች ታገኛላችሁ። በሌላ በኩል ድምፁ ዝቅ ያለ ሁሉ ተዛብቷል ማለት አይደለም። የባህን ዘመን ሙዚቃ በዘመኑ መሳሪያ የሚጫወቱ ብዙ ቡድኖች "ላ" የሚባለውን ድምፅ 415 ሄርዝ ላይ ይቃኙታል። ዛሬ የተለመደው 440 ነው። ልዩነቱ ግማሽ ድምፅ ያህል ነው፤ እያወቁ ያደረጉት ነው።

"ኖታው አንድ ከሆነ ለምን ይለያያሉ?" የሚል ወጣት ብዙ ጊዜ ያጋጥመኛል። ባህ በእጁ የጻፈው የቼሎ ስዊቶቹ ኖታ ዛሬ የለም። ከቀሩት ቅጂዎች ዋነኛው ባለቤቱ አና ማግዳሌና የገለበጠችው ነው። በደጋኑ አንድ ስበት ስንት ድምፅ እንደሚወጣ የሚያሳዩት ምልክቶች እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ግልጽ አይደሉም። የት ጮክ፣ የት ለስለስ እንደሚባልም አልተጻፈም ማለት ይቻላል። ያንን ሁሉ የሚወስነው ተጫዋቹ ነው። ዮዮ ማ የሚባለው ቼሎ ተጫዋች እነዚሁን ስዊቶች በተለያየ ዕድሜው ሦስት ጊዜ ቀርጿቸዋል። ሰውየው አንድ ነው፣ ውሳኔው ግን አንድ አይደለም።

ደግሞ ይህ ለወሎ ልጅ እንግዳ ነገር ነው እንዴ? ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በኛው አገር ስም የሚጠሩ ናቸው። አምባሰልን በማሲንቆ ሰምታችኋል፣ በዋሽንትም ሰምታችኋል። አንዱ አዝማሪ ትዝታን ሲያስረዝም ሌላው ቶሎ ቆርጦ ወደ ግጥሙ ሲገባ አይታችኋል። "ትክክለኛው ትዝታ የማን ነው?" ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም። የምንለው "እሱ እንዲህ አድርጎ ሲይዘው ደስ ይላል" ነው። ያንኑ ጆሮ ይዛችሁ ወደ ባህ ሂዱ። ሌላ ጆሮ አያስፈልጋችሁም።

ለመጀመር የሚሆን አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ካናዳዊው ፒያኒስት ግሌን ጉልድ የባህን የጎልድበርግ ቫሪየሽን፣ አንድ መነሻ በ30 መልክ እየተለዋወጠ የሚሄድበትን ሥራ፣ ሁለት ጊዜ ስቱዲዮ ገብቶ ቀርጾታል። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1955፣ በ22 ዓመቱ። ሁለተኛው በ1981፣ ሊሞት አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው። ሁለቱም ኒውዮርክ፣ እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ነው የተቀረጹት። የመጀመሪያው 38 ደቂቃ ያህል ነው። ሁለተኛው 51 ይደርሳል። ይህን አይታችሁ "በቃ ዘግይቷል" እንዳትሉ። በመጀመሪያው ድግግሞሾቹን (ኖታው ድገም የሚላቸውን) ሁሉ ዘሏቸዋል፣ በሁለተኛው የተወሰኑትን ተጫውቷል። የርዝማኔው ከፊል ምክንያት ይህ ነው። መክፈቻው ላይ ያለችውን አሪያ፣ መነሻዋን ዜማ፣ ብቻ ውሰዱ። በ1955ቱ ሁለት ደቂቃ አትሞላም። በ1981ዱ ሦስት ደቂቃ ገደማ ትፈጃለች። በሁለቱም ድግግሞሽ የለም። እንግዲህ ያ ልዩነት የሰውየው ነው።

እኔ የ1981ዱን እመርጣለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ የ1955ቱ ላይ ሙጭጭ ነው፤ በሁለተኛው ወጣትነቱ ጠፍቷል ይላል። ቡናችን ሦስተኛው ሲደርስ አሁንም እዚያው ነን። እንዲህ ያለ ክርክር እወዳለሁ። የማልወደው ሙሉውን ሳይሰሙ "ምርጡ ይህ ነው" የሚል ስም ዝርዝር አንብቦ መከራከርን ነው።

ስታስተያዩ ሙሉውን ሥራ አንድ ላይ አትጫኑት። ሁለት ደቂቃ የምትሆን ቦታ ምረጡና በአንድ ቁጭታ ሁለቱንም ስሟት። ዛሬ አንዱን፣ የሚቀጥለው ሳምንት ሌላውን ካላችሁ ጆሯችሁ ይረሳዋል። ከሁሉ በላይ ድምፁን እኩል አድርጉ። ጎላ ብሎ የሚሰማው ቅጂ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ይህን ሱቄ ውስጥ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ሰው ሁለት ቴፕ ሊመርጥ መጥቶ የሚጮኸውን ይዞ ይሄዳል።

አንድ ስም ሳላነሳ አላልፍም። ፒያኖ ተጫዋቿና የዜማ ደራሲዋ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረዋል። ከዚያ መንነው አምባሰል ግሸን ማርያም ገቡ፤ እዚያ 10 ዓመት ያህል ቆይተዋል። የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ ወጣ። ፒያኖ ላይ የኛን ቅኝትና የአውሮፓን ትምህርት አንድ ላይ ትሰማላችሁ። ዛሬ ኖታቸው ታትሟል፣ ሌሎች ፒያኒስቶችም ይጫወቱታል። የሌሎቹን ከሳቸው ጋር አስተያዩ። እሳቸው አንዳንድ ቦታ ላይ ቆም ይላሉ፣ ሰው ሊናገር ብሎ እንደሚያመነታው። ያቺን ቆምታ ሌላው እንዴት እንደሚይዛት ስሙ።

ለዛሬ ማታ ግን በጉልድ ጀምሩ። ቶሳ ተራራ ላይ ጉሙ ሲወርድ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል። ባህ ከ30ዎቹ ቫሪየሽኖች በኋላ ያችኑ የመክፈቻ አሪያ መልሶ ያመጣታል። በ1981ዱ ቅጂ ጠጋ ብላችሁ ብታደምጡ ጉልድ ከፒያኖው ጋር ሲያንጎራጉር ይሰማችኋል። የመጨረሻዋ ድምፅ ሙሉ በሙሉ እስክትጠፋ ድረስ ስልኩን አትንኩት።