ጣፊያ ውስጥ ለተገኘ ሊምፎማ፦ ከወረቀቱ ይልቅ ብሎኩን ያዢ

ሰላም እህቴ። የአባትሽ ጣፊያ በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ «ቲ ሴልና ሂስቲዮሳይት የበዛበት ትልቅ ቢ ሴል ሊምፎማ» የሚል ውጤት (የመከላከያ ሴሎች ካንሰር ነው) እንደተሰጣችሁና ከየት እንደምትጀምሩ ግራ እንደገባችሁ ጽፈሻል። ታላቅ ወንድሜን ይዤ በዚሁ መንገድ ስላለፍኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

1. ብሎኩን ተረከቢ። ከጣፊያው ተቆርጦ በሰም የተደፈነውን ናሙና ማለቴ ነው። በዚህ ሊምፎማ ካንሰር የሆኑት ትልልቅ ቢ ሴሎች ጥቂት ናቸው፤ ካንሰር ያልሆኑ የመከላከያ ሴሎች (ቲ ሴልና ሂስቲዮሳይት) ስለሚከቧቸው በተለመደው ቀለም ብቻ ሲታይ ቲቢ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ሊመስል ይችላል። ወንድሜ መተማ ሰሊጥ እርሻ ላይ ስለሠራ መጀመሪያ የተጠረጠረው ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ጣፊያ የሚያሳብጥ በሽታ) ነበር። እሱ አይደለም ሲባል ደግሞ የናሙናው ውጤት «ግራኑሎማ» (ቲቢም የሚያመጣው የመከላከያ ሴሎች ክምችት) ብሎ መጣ፤ የቲቢ መድኃኒት ሊጀምር ምንም አልቀረውም። ያዳነን ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ የሚባለው፣ ሴሎችን በላያቸው ባለ ምልክት የሚለይ ምርመራ ነው። ሲዲ20 የሚባለው ምልክት ቢ ሴሎቹን፣ ሲዲ3 ደግሞ ቲ ሴሎቹን ለይቶ ያሳያል። ይህ ካልተሠራላችሁ ሐኪማችሁን አሁኑኑ ጠይቂ።

2. ማንኛውንም ጥያቄ በጽሑፍ አድርጊው። የወንድሜ ብሎክ የነበረው መሃል ከተማ ባለ አንድ የግል ላቦራቶሪ ነው፤ ስሙን አልጠራም። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ «ብሎክ ለአስታማሚ አይሰጥም» አለችኝ። ከብሎኩ ተቆርጦ መስታወት ላይ የተደረገው ስላይዱስ? «ኃላፊው የሉም።» መቼ ይመጣሉ? «ነገ።» በማግስቱም ነገ፣ ከዚያም ወዲያ ነገ። ክትትላችን ጥቁር አንበሳ ስለነበር ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ቁልቁል ስል ጫማዬ አለቀ። በመጨረሻ ሐኪሙን ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አጻፍኩና «ግልባጩ ላይ የማልሰጥበት ምክንያት ይህ ነው ብላችሁ ፈርሙልኝ» አልኳቸው። ፊርማ የሚለው ቃል ሲሰማ ኃላፊው ከጓዳ ብቅ አሉ። ለካ እዚያው ኖረዋል! የወንድሜ ብሎክ ከሌሎች ጋር በጫማ ካርቶን ተደርድሮ ነበር፤ አውራ ጣት የምታክል ፕላስቲክ፣ ጠርዟ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር። ለዚህች ነው እንግዲህ ያንን ሁሉ ያመላለሱኝ። ሌላ ቦታ ወስጄ ሳስመረምራት ሲዲ20 ፖዘቲቭ ሆነ፤ ሪቱክሲማብ የሚባለው የሊምፎማ መድኃኒት የሚይዘውም ይህንኑ ነው።

ሕክምናው ለወንድሜ አር-ቾፕ (ሪቱክሲማብ ከኬሞ መድኃኒቶች ጋር ተጣምሮ) ነበር፤ ብዙውን ጊዜ በየ21 ቀኑ እስከ 6 ዙር ይሰጣል። ከመጀመሩ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ይሠራላቸው፤ ሪቱክሲማብ ተኝቶ የቆየውን ቫይረስ ሊቀሰቅስ ይችላል። ከአር-ቾፕ መድኃኒቶች አንዱ ዶክሶሩቢሲን ልብን ሊጎዳ ስለሚችል የልብ አልትራሳውንድም አይቅር። ቀዩ መድኃኒት እሱ ነው፤ ሽንታቸው ቢቀላ አትደንግጡ፤ ወንድሜ ደም መስሎት ሌሊቱን ሙሉ ቤቱን አተራምሶታል።

ክትባትም አለ፤ ማንም ሳይነግረን እኔው ጠይቄ ነው ያወቅኩት። ጣፊያ የሌለው ሰው የኒሞኮከስ (የሳንባ ምች ባክቴሪያ)፣ የማጅራት ገትርና የሂብ (ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ቢ የሚባል ባክቴሪያ) ክትባት ያስፈልገዋል። ከቀዶ ሕክምናው 2 ሳምንት ቀደም ብሎ ቢሰጥ ይመረጣል፤ ያ ካለፋችሁ ከቀዶ ሕክምናው 2 ሳምንት በኋላ ይሰጣል። ሪቱክሲማብ ከተጀመረ ወዲህ ግን ክትባት እንደሚገባው ስለማይሠራ የሁለቱን ቅደም ተከተል ከሐኪሙ ጋር ዛሬውኑ ተነጋገሪ።

ቴርሞሜትር ግዢ። ትኩሳታቸው 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው፤ በር ላይ ገና ካርድ ሳይወጣ «ጣፊያ የላቸውም፣ ኬሞ ላይ ናቸው» በይ፤ ወረፋ ያዙ ካሉሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ድገሚላቸው።