«ዲኮር ላይ ተመደብኩ» ላለችው ተማሪ

የጠያቂያችን ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የቲያትር ጥበባት የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በሰኔ በምናሳየው ተውኔት የእናትየዋን ቦታ አገኛለሁ ብዬ ስጠብቅ መምህራችን ዲኮር ላይ መደበኝ። ጓደኞቼ ‹አንቺማ ምስማር ምቺ› እያሉ ይስቃሉ። ለመድረክ የተሰጠን 4,000 ብር ነው። የምናሳየው በስብሰባ አዳራሽ ነው። መድረኩ ጠባብ፣ ወለሉ ሜዳ፣ መስኮቱ ብዙ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ታሪኩ በአንድ ቤት ውስጥ የሚያልቅ ነው፤ ዋናው ነገር ቡና ሲፈላ ነው የሚፈነዳው። ምን ላድርግ? ይሄ ሙያስ ነገ እንጀራ ይሆነኛል?»

እህቴ፣ ለትወና ጓጉቶ መቅረት ያማል። አልሸነግልሽም። ግን ደብዳቤሽን ሁለቴ ሳነበው አንድ ነገር አየሁ። ስለ ቀረብሽ ቦታ የጻፍሽው አንድ መስመር ነው። ስለ አዳራሹ ግን ወለሉን፣ መስኮቱን፣ ጣሪያውን ሳይቀር ነገርሽኝ። ሥራውን ሳታውቂው ጀምረሽዋል። መምህርሽም ይህን ዓይንሽን አይቶ ይሆናል የመደበሽ።

ስለ ቡናው ልጀምር፤ ምክንያቱም እኔም ያለፍኩበት ነው። ተማሪ ሳለሁ ለአንድ ተውኔት መድረክ ሠርቼ ነበር። እዚያም እናት ቡና እያፈላች ሳለ የልጇን ምስጢር ትሰማለች። ረከቦቱን መሬት ላይ አደረግን፣ እናትየዋን በርጩማ ላይ። ቄጠማው ተጎዘጎዘ፣ ዕጣኑ ጨሰ። በልምምድ ጊዜ ሁልጊዜ ፊት ለፊት ቆሜ ነበር የማየው፤ ያምር ነበር። ሰው የገባ ቀን ኋላ ሄጄ ቆምኩ። ከሦስተኛው ረድፍ ጀምሮ ሁሉም አንገቱን ያሰግጋል። ቀጥሎ ሰዎች መነሳት ጀመሩ። «ተቀመጡ እንጂ!» የሚል ጩኸት መጣ። ተዋናይቷ ስኒው ከእጇ የሚያመልጥበትን ቅጽበት ሁለት ወር ሙሉ ተለማምዳዋለች። እጇ መጀመሪያ በትንሹ ይንቀጠቀጣል፤ ስኒው ረከቦቱን ሁለት ጊዜ ይነካል፤ ከዚያ ይወድቃል። አዳራሹ ያንን እጅ አላየም። የሰማው ስኒው ሲሰበር ብቻ ነው። ከትዕይንቱ በኋላ መጋረጃ ጀርባ ስታለቅስ አገኘኋት። ጥፋቱ የሷ አልነበረም፤ የኔ ነበር።

ነገሩ ቀላል ስሌት ነው። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ራሱ ከወለል 1 ሜትር ከ20 ገደማ ይደርሳል። ቡና የምታፈላ ሴት እጇ ከመሬት ግማሽ ሜትር እንኳ አይርቅም። ወለሉ ሜዳ ከሆነ ከኋላ ያለው ሰው የሚያየው የፊተኛውን ሰው ማጅራት ነው። መደብ ሠርተሽ ቡናውን 40 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብታደርጊው ፊቷ ይታያል፤ እጇ ግን አሁንም ለኋለኛው ሰው አይታይም። ስለዚህ ዲኮሩን ብቻ ሳይሆን ተመልካቹንም ማንቀሳቀስ አለብሽ።

እኔ ብሆን ያንን ጠባብ መድረክ እተወዋለሁ። ተውኔቱን ወደ ወለሉ አወርደዋለሁ። ሰውን በሦስት ጎን አስቀምጠዋለሁ፣ ከሦስት ረድፍ ሳይበልጥ። የፊተኛው ረድፍ ዝቅ ባለ አግዳሚ፣ ሁለተኛው በወንበር፣ ሦስተኛው ቆሞ። ቡናውን ደግሞ መሀል፣ ዝቅተኛ መደብ ላይ። ያኔ የመጨረሻው ተመልካች ከስኒው ያለው ርቀት ጥቂት እርምጃ ይሆናል። ቁጥሩ ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ሁለት ጊዜ አሳዩት። ለአዘጋጁ ስትነግሪው ግን «ቦታ እንቀይር» ብለሽ አትጀምሪ። ወስደሽ የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጪውና አንዷን ተዋናይ መሬት ላይ አስቀምጠሽ አሳይው። ከዚያ በኋላ ብዙ መከራከር አያስፈልግሽም።

ብዙ የቲያትር ተማሪ «መድረክ» ሲባል የሚታየው ብሔራዊ ቲያትር ነው። ሰፊ መድረክ፣ ከባድ መጋረጃ፣ ሁሉም ፊት ለፊት የሚያይበት። በ1948 ዓ.ም የተከፈተው ያ ቤት ለዚያ ይመቻል። ችግሩ ያንን በትንሹ ኮርጀን ክፍል ውስጥ ልናስገባው ስንሞክር ነው። የኛ ተውኔት የተወለደው እንዲህ ባለ ቤት አይደለም። የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ተውኔት፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ዘመናዊ ተውኔት የሚባለው፣ የታየው በሆቴል አዳራሽ ነው። ዮፍታሔ ንጉሤም ተውኔት እየጻፉ በተማሪዎች ያሠሩ ነበር። አዝማሪ ቤት ደግሞ ገብተሽ ከሆነ፣ መድረክ የሚባል ነገር ሳይኖር አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ሰው ፊት ሲደርስ ቤቱ ሁሉ ወደዚያ ሲዞር አይተሻል። የኛ ሰው በክብ መቀመጥ ያውቅበታል።

መስኮቶቹን ጠላት አታድርጊያቸው። ተውኔቱ ቀን ከሆነ የሚታየው፣ የምትከራዩት መብራት ከፀሐይ ጋር ታግሎ አያሸንፍም፤ ገንዘቡን አትርፊው። ያንዱን ጎን መስኮት በጥቁር ጨርቅ ዝጊ፣ የሌላውን ተይው። ብርሃን ከአንድ አቅጣጫ ሲመጣ ፊት ቅርጽ ያወጣል። እንዲያውም አንዱን የአዳራሹን መስኮት የቤቱ መስኮት አድርጊው። እናትየዋ ልጇን የምትጠብቀው በእውነተኛ መስኮት በኩል፣ እውነተኛ ግቢ እያየች ይሁን። ይህን በገንዘብ አትገዢውም።

ቆርቆሮውን ግን ፍሪው። ሰኔ ነው ያልሽኝ። ዝናብ ከመጣ የማንም ድምፅ አይሰማም፣ የተማረም ያልተማረም ተዋናይ። ከተቻለ ጠዋት አሳዩ። ሰውን ወደ ተዋናዮቹ ማስጠጋትሽ እዚህም ይጠቅምሻል።

ስለ 4,000ው ብር። ሦስት ግድግዳ በሞራሌና በአቡጀዲ ልገጣጥም ካልሽ ብሩ እንጨት መሸጫው በር ላይ ያልቃል። ግድግዳ ተይ። አንድ በር ሥሪ፤ ግን በደንብ የሚዘጋ በር። በቤተሰብ ታሪክ ውስጥ በር ተወርውሮ ሲዘጋ መቃኑ ካልተንቀጠቀጠ ተመልካቹ ቤቱን ያምናል። ከኋላ ሦስት ማዕዘን ድጋፍ አድርጊለት፣ እግሩ ላይ አሸዋ የሞላ ጆንያ ጫኚበት። ሲከፈት ወደ ውጭ ይከፈት፤ ያኔ የሚገባው ሰው ከበሩ ጀርባ አይደበቅም። የቀረውን ቤት አያትሽ ጓዳ ታገኚዋለሽ፦ መሶብ፣ ጀበና፣ የደበዘዘ የግድግዳ ፎቶ። የአዳራሹን መውጫ በሮች በምንም ነገር እንዳትዘጊ፤ እዚህ ላይ ከማንም ጋር አትደራደሪ።

ከልምምዱ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ የቤቱን ወሰን ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምሪ። በሩ የት ነው፣ መደቡ የት ይጀምራል። ተዋናይ ባዶ ክፍል ውስጥ ሁለት ወር ተለማምዶ በመጨረሻው ቀን መደብ ቢገጥመው ይደናቀፋል፤ ቃሉም አብሮ ይጠፋዋል።

አሁን ወደ እንጀራው። የመንግሥት ቲያትር ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሁሉንም ተመራቂ አይቀጥሩም። እነሱን ብቻ ካሰብሽ ትጨነቂያለሽ። ግን ፊልም፣ ተከታታይ ድራማና ማስታወቂያ ቦታ የሚያዘጋጅ ሰው ይፈልጋሉ። ኤግዚቢሽን አለ፣ ኮንሰርት አለ፣ ሰርግ አለ። በሰርግ ዲኮር የሚስቁ የሙያ ጓደኞች አሉኝ፤ እኔ አልስቅም። 500 ሰው የት ቆሞ ሙሽሮቹን እንደሚያይ ማሰብ ያው ሙያ ነው። ከቲያትር የወጣ ሰው ከሌላው የሚለየው አበባ በመደርደር አይደለም። «ከየት ነው የሚታየው?» ብሎ መጠየቅ ስለሚያውቅ ነው።

አሠሪ ዲግሪሽን ከማየቱ በፊት ሥራሽን ይጠይቅሻል። ስለዚህ ይህን ተውኔት መዝግቢው። ባዶውን አዳራሽ ዛሬውኑ ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ አንሺው። ንድፉን በ1፡50 ሳዪው፤ አንድ ሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በጫማ ካርቶን ትንሿን ቤት ሥሪ፤ ለሷ 1፡25 ይሻላል። እያንዳንዱን ወጪ ጻፊ፣ የምስማሩን ጭምር። በመጨረሻ ተመልካች እያለ ፎቶ ይነሳ። ካሜራማኑ የኋላ ረድፍ ይቁም። ይሄ አንድ ሙሉ ፖርትፎሊዮ፣ የሥራሽ ማሳያ ነው። ስኬችአፕን፣ በኮምፒውተር ንድፍ የሚሠራበትን ፕሮግራም፣ ክረምት ላይ ትማሪዋለሽ፤ አሁን እርሳስ ይበቃሻል።

ትወናውንም አትተዪው። በሚቀጥለው ተውኔት ፈተና ሲኖር ሂጂ። መድረክ የሠራ ሰው የት ቢቆም እንደሚታይ ያውቃል፤ ይሄ ለተዋናይ ትልቅ ስንቅ ነው።

ለአሁኑ ሜትርና ጠመኔ ያዢና የአዳራሹን ጥበቃ አስፈቅደሽ ሰው በሌለበት ሰዓት ግቢ። ከፊት ረድፍ የግራ ጥግ ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ ከዚያ የቀኝ ጥግ፣ ከዚያ የመጨረሻው ረድፍ። ከእያንዳንዱ ቦታ የሚታይሽንና የማይታይሽን ጻፊ። ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ቡናው የት እንደሚቀመጥ አብረን እንወስናለን።