አሮጌውን አካውንት ከመዝጋታችሁ በፊት

ለእናንተ ሥራውን ገና ለጀመራችሁት ልጆች፣

ከሰርቨርና ከክላውድ ጋር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ስህተት ግን ከባድ ሥራ ላይ የሠራሁት አይደለም። ማንም የማይጠቀምበትን አንድ የክላውድ አካውንት መዝጋቴ ነው።

ድረ ገጹን ወደ ሌላ ቦታ ካዛወርን ወራት አልፈው ነበር። በአሮጌው አካውንት አንድም ሰርቨር አልቀረም። በየወሩ ግን ትንሽዬ ሂሳብ ትመጣለች። ምን እንደሆነች ሳላጣራ ዘጋሁት። በማግስቱ ድረ ገጹ ለአንዱ ይከፈታል፣ ለሌላው እምቢ ይላል። እስከ ማታ ለሁሉም ጠፋ። ኢሜይሉም አብሮ ቆመ። ያቺ ሂሳብ የዲኤንኤሱ፣ ማለትም ስማችንን ለሚጠራ ሁሉ የት እንዳለን የሚነግረው አገልግሎት፣ ነበረች። ዕቃውን አውጥተን አድራሻችንን የሚናገረውን መዝገብ እዚያው ትተነው ኖሯል።

ወደ ሬጂስትራሩ፣ ስማችንን ወዳስመዘገብንበት ድርጅት ሮጥኩ። እሱ ደግሞ ማረጋገጫ ኮዱን በኢሜይል ላከልኝ። ኢሜይሉ ያለው በዚያው በጠፋው ዶሜይን፣ ማለትም በድረ ገጻችን ስም ላይ ነው! እባካችሁ፣ ዶሜይናችሁ የተመዘገበበትን አካውንት በራሱ በዶሜይኑ ኢሜይል አትክፈቱ። ዛሬውኑ ገብታችሁ እዩት።

ሰው "ዶሜይኔ" ሲል አንድ ነገር ይመስለዋል። ስሙ አንድ ቦታ ይመዘገባል፣ ዲኤንኤሱ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል፣ ድረ ገጹና ኢሜይሉም እንደዚያው። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ሊዘጋ ባለው አካውንት ውስጥ እንዳለ ሳታውቁ አትንኩት። ስሙ ራሱ እዚያ ከተመዘገበ መጀመሪያ እሱን አዛውሩ። አዲስ የተመዘገበ ወይም በቅርብ የተዛወረ ዶሜይን ለ60 ቀን ከመዛወር ሊታገድ ስለሚችል ቀድማችሁ ጀምሩ።

ዲኤንኤሱ እዚያ ከሆነ እያንዳንዱን መዝገብ ወደ አዲሱ ቅዱ። ስሙን ወደ ድረ ገጹ የሚመሩትን፣ ኤ እና ሲኔም የሚባሉትን ማንም አይረሳም። የሚረሱት ኤምኤክስና ቲኤክስቲ ናቸው። ኤምኤክስ ከሌለ ኢሜይል አይገባም። ኢሜይሉ በእርግጥ ከእናንተ መሆኑን የሚያረጋግጡት ኤስፒኤፍና ዲኪም የሚቀመጡት በቲኤክስቲ ነው፤ እነሱ ከቀሩ የምትልኩት ኢሜይል ስፓም ውስጥ ሊወድቅ ይችላል፣ እናንተም ቶሎ አታውቁም። ዲኤንኤስሴክ (የዲኤንኤስ መልስ እንዳይጭበረበር የሚጠብቀው ፊርማ) ከበራ ኔም ሰርቨር (መዝገቦቹን የያዘውን ሰርቨር) ከመቀየራችሁ በፊት ሬጂስትራሩ ጋ ያለውን፣ ያ ፊርማ የሚረጋገጥበትን የዲኤስ መዝገብ አስወግዱ፤ ካልሆነ መዝገቡ ሁሉ ትክክል ሆኖም ስሙ ላይፈታ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ትዕግሥት ነው። የዶት ኮም ኔም ሰርቨር መረጃ በየቦታው እስከ 2 ቀን ተይዞ ይቆያል። በእናንተ ስልክ ስለተከፈተ ብቻ አልቋል አትበሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄኛው በጣም ያሳስበኛል። የክላውድ ማከማቻውን አጥፍታችሁ ወደ እሱ የሚያመለክተውን ሳብዶሜይን (በዶሜይናችሁ ሥር ያለ ንዑስ ስም) ከተዋችሁት፣ ሌላ ሰው ያንኑ የማከማቻ ስም ወስዶ በእናንተ ስም የፈለገውን ሊያሳይ ይችላል። ደንበኞቻችሁ የሚያምኑት ስሙን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መዝገቡን፣ ቀጥሎ ማከማቻውን አጥፉ።

እኔ አሁን ሁሉም ከተዛወረ በኋላ አሮጌው አካውንት ውስጥ የቀረውን አንድ በአንድ አጠፋለሁ። አካውንቱን ግን አልዘጋም። አንድ ሙሉ ወር እጠብቃለሁ። ሂሳቡ ዜሮ ሆኖ ሲመጣ፣ ያን ጊዜ እዘጋዋለሁ።