የእሑድ ጠዋቱ አሸዋ

ባለፈው ወር ሐረር ላይ ለወጣቶች በተዘጋጀ የፎቶግራፍ ሥልጠና ተጋብዤ ነበር። ትምህርቱ አልቆ ዕቃዬን ስሰበስብ አንዲት ወጣት ቀረብ ብላ ስልኳን አሳየችኝ። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተቀመጠች ሰፊዎቹን በእርሳስ ትስላለች፤ ሥዕሎቹንም በስልኳ እያነሳች ትለጥፋቸዋለች። ከሁሉ ይበልጥ ዓይኔ ያረፈው ክር በጥርሳቸው ሲበጥሱ በተሳሉት ሽማግሌ ላይ ነበር። «ጋሼ፣ ስምንት ወር ሙሉ ከ14 ሰው በላይ አላየልኝም፤ ብተወው አይሻልም?» አለችኝ። «በርቺ» ብያት ወደ ድሬዳዋ ተመለስኩ። የደንገጎን ቁልቁለት ስንወርድ ግን ጥያቄዋ ከ50 ዓመት በላይ ላስታውሰው ያልፈለግሁትን ነገር ቀሰቀሰብኝ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ ለሚጠይቁ ነው።

በ1964 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ 19 ዓመቴ ነበር። ባለቤቱ፣ በድሬዳዋ ወግ «ሙሴ» እያልን የምንጠራቸው አርመናዊ ሽማግሌ ነበሩ። የምንሠራበት ካሜራ በአንድ ጥቅል ፊልም 12 ፎቶ ብቻ ስለሚያነሳ፣ ቅዳሜ ማታ የደንበኛ ሥራ ሲያበቃ አንዳንዴ ሁለት ወይም ሦስት ፎቶ የሚያነሳ ፊልም ይተርፍ ነበር። ሙሴም «ፊልሙ ሰኞ ይታጠባል፤ የቀረውን እንደ ወደድህ አድርገው» ብለው ካሜራውን ያውሱኝ ነበር። እኔም እሑድ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ወደ ደቻቱ እወርዳለሁ።

ደቻቱ ከዚራን ከመጋላ ሰፈር የሚለይ ወንዝ ነው፤ ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ሰው ይሻገርበታል፣ ግመል ይነዳበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ቆሜ ያንኑ አሸዋ አነሳ ነበር። ለምን እንደማነሳው የጠየቀኝ አልነበረም፤ ቢጠይቀኝም መልስ አልነበረኝም። ወተት ይዛ ወደ ገበያ የምትሻገር አንዲት ሴት ነበረች። አሸዋው መሐል ካለ ድንጋይ ዘንድ ስትደርስ ዕቃዋን ታወርዳለች፣ ክዳኑ ላይ ያለውን እርጥብ ጨርቅ ታስተካክላለች፣ ከዚያ አንዱን ጫማዋን አውልቃ አሸዋውን ታራግፋለች፣ ቀጥሎም ሌላውን። እሷ እስክትመጣ አንድ ፎቶ ቆጥቤ እጠብቃለሁ። አንድ እሑድ ቀና ብላ አየችኝና «ዛሬም መጣህ?» አለችኝ፤ ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም።

ፎቶዎቹን የማትመው ማታ ነበር። የማጠቢያው ፈሳሽ 20 ዲግሪ ገደማ መሆን ሲገባው የድሬዳዋ የቧንቧ ውሃ ሌሊትም ስለሚሞቅ፣ ሳህኑን በረዶ ባለበት ሰፊ ሳህን ውስጥ አስቀምጠን እንሠራ ነበር። በቀይ አምፖል ብርሃን፣ ነጩ ወረቀት ላይ መጀመሪያ የድንጋዩ ጥላ፣ ቀጥሎም ጎንበስ ያለችው ሴት ጀርባ ቀስ እያለ ብቅ ሲል የተሰማኝን ደስታ፣ በኋላ ካነሳኋቸው ብዙ ሠርጎች በአንዱም አላገኘሁትም።

በ1966 ዓ.ም. ጓደኞቼ ገፋፍተውኝ 22 ፎቶዎች መርጬ በአንድ አዳራሽ ሰቀልኩ። በሦስት ቀን ሰባት ሰው መጣ። ከእነርሱ አንዱ፣ የተማረ እንግዳ፣ ግድግዳውን ዞሮ ከጨረሰ በኋላ «አሸዋ ብቻ እኮ ነው» ብሎ ወጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የታየውን ተናገረ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ማን እንዳየልኝ ቆጥሬ አላውቅም ነበር፤ ሰባት የሚለውን ቁጥር ካወቅሁ በኋላ ግን አሸዋውን በራሴ ዓይን ማየት ተሳነኝ። በሚቀጥለው እሑድ ወደ ደቻቱ አልወረድኩም፤ ከዚያ በኋላም እንዲሁ። የተረፈውን ፊልም ሰው በሚወደው ላይ አዋልኩት፤ ተወደደልኝ፣ ስምም አገኘሁ። የዚያች ሴት ፎቶ ዛሬም አለኝ፤ ከጀርባው የተጻፈው ግን ቀኑ ብቻ ነው።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.፣ ከደጋው የወረደ ጎርፍ ሌሊት ደቻቱን ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ገደለ፤ በዳርቻው የነበሩ ቤቶችንም ጠረገ። ከሳምንታት በኋላ አንዳንድ ጎረቤቶች በሬን አንኳኩተው «የሰፈራችን ፎቶ ይኖርሃል?» አሉኝ። ሣጥኖቼ አልተነኩም ነበር፤ ነገር ግን የደቻቱ ፎቶዎቼ 1966 ላይ ያቆማሉ፣ የሚፈልጓቸው ቤቶች ደግሞ የተሠሩት ከዚያ በኋላ ነው። ባዶ እጃቸውን ሸኘኋቸው።

ይህን የምነግራችሁ «ሥራችሁ አንድ ቀን ይፈለጋልና ቀጥሉ» ለማለት አይደለም። እንደዚያ ብል ተመልካቹን 30 ዓመት አራቅኩት እንጂ ከመጠበቅ አላወጣኋችሁም። ይሁን እንጂ እነዚያ ሰዎች በሬ ላይ የቆሙበትን ጠዋት ሳስታውስ ይህ አቋሜ ይናወጣል፤ ሁለቱን ማስታረቅ እስከ ዛሬ አልቻልኩም።

የዛሬ ልጆች ከእኛ የተሻለ ዓይን አላችሁ፤ ችኮላችሁ ግን ያሳስበኛል። እኛ ካነሳን በኋላ ፎቶውን ለማየት ቢያንስ አንድ ቀን እንጠብቅ ነበርና፣ ሥራው ለሌላ ሰው ከመድረሱ በፊት ከእኛ ጋር ያድር ነበር። ደንበኛ የሚወደውን መሥራት ነውር ነው የሚለውን አልቀበልም፤ አራት ልጆች ያሳደግሁት ሠርግ እያነሳሁ ነው። ያ ሥራ በተመልካች ይመዘን፤ የእሑዱን ሥራ ግን እዚያ ሚዛን ላይ አታውጡት። ሐረር ስሄድ የራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ያለውን የአቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍን ሙዚየም ሳላይ አልመለስም። እኚህ ሰው ጥንታዊ ጽሑፎችንና የዜማ ቅጂዎችን መሰብሰብ የጀመሩት በገዛ ቤታቸው ነው፤ የተጎዱ መጻሕፍትን የመጠገንና የመጠረዝ ሙያንም ለዚሁ ብለው ተማሩ። እዚያ ስቆም አሸዋው ትዝ ይለኛል።

አንቺም ልጄ፣ ያን ቀን ሳልመልስልሽ የቀረሁት ይህን ነው። አትተዪው። ቅዳሜ መኪና ግርግር ስትሄጂ ክሩን በጥርሳቸው የሚበጥሱትን አባት ስማቸውን ጠይቂልኝ፤ ከሥዕሉም ጀርባ ጻፊው።