ከቦሌ ዋሽንግተን ስንት ሰአት ነው? የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ከለገጣፎ፦ ትኬቴ ላይ ከቦሌ 22:30 ተነስቼ በማግስቱ 07:30 ዋሽንግተን ደለስ እንደምገባ ይላል፣ 9 ሰአት ነው ማለት ነው? ወንድሜ 17 ነው ብሎ አስፈራራኝ።

ወንድምሽ ልክ ነው እህቴ። መነሻው በአዲስ አበባ ሰአት፣ መድረሻው በዋሽንግተን ሰአት ነው የሚጻፈው፣ በነሱ ብርድ ወቅት ከኛ 8 ሰአት ወደኋላ ስለሆኑ 9 ላይ 8 ስትደምሪ 17 ይመጣል። ከመጋቢት መጀመሪያ ገደማ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ደግሞ ሰአታቸውን ስለሚቀይሩ ልዩነቱ 7 ይሆናል።

ከቡራዩ፦ ሲመለሱ 13 ሰአት ገደማ ነው፣ ሲሄዱ ለምን ይረዝማል? መሬት ስለምትዞር ነው እንዴ?

አይደለም፣ መሬት ስትዞር አየሩም አብሯት ነው የሚዞረው። ርቀቱ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው፣ በሰአት 900 ቢኬድ 13 ሰአት አይሞላም። ችግሩ ቦሌ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኑ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም እንደ ቆላው አይሰራም፣ አውሮፕላኑ ሰውና ሻንጣ ሞልቶ ለዛ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ መሀል ላይ አርፎ ይቀዳል፣ እስካሁን ደብሊንም ሎሜም ሲያርፉ ነበር። ደለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳን ስለማይሞላ ሲመለስ ታንኩን ሞልቶ በቀጥታ ይመጣል፣ በዛ ላይ ከምእራብ ወደ ምስራቅ የሚነፍሰው የላይኛው ሀይለኛ ንፋስ ከኋላ ይገፋዋል፣ ሲሄድ ግን ፊት ለፊት ነው የሚገጥመው።

ከኮዬ ፈጬ፦ የእናቴ ፍላይት ማክሰኞ 00:45 ነው፣ ማክሰኞ ማታ ነው የምንሸኛት አይደል?

አይደለም! እባካችሁ ይሄን ለሁሉም ንገሩልኝ፣ ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ጥያቄ ይሄ ነው። እኛ ቀኑን ከንጋት ነው የምንቆጥረው፣ ትኬቱ ግን ከእኩለ ለሊት ይቆጥራል፣ ስለዚህ ማክሰኞ 00:45 ማለት ለማክሰኞ አጥቢያ ከለሊቱ 6:45 ነው። ሰኞ ማታ 3:45 ላይ እናትሽ ኤርፖርት መድረስ አለባት። ማክሰኞ ማታ ብትሄዱ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሊሆነው ነው፣ ስንት አመት ልጁን ለማየት የጠበቀ ሰው በዚህ ሲቀር ያማል። 00 ወይ 01 የሚል ትኬት ካያችሁ "የትናንትናው ማታ" ብላችሁ አስቡት፣ ካሌንደር ላይም እንደዛው ጻፉት።

ከሰበታ፦ ለማታ ፍላይት ከቤት ስንት ሰአት እንውጣ?

ኤርፖርት 3 ሰአት ቀድማችሁ ግቡ፣ በአለም ገና በኩል ያለውን መንገድ ግን ከስራ መውጫ ሰአት ጋር አታጋጥሙት። ቦሌ አካባቢ ዘመድ ካላችሁ ከቀትር በኋላ እዛ ገብታችሁ ብታርፉ ይሻላል በተለይ ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ የቢሾፍቱው አዲሱ ኤርፖርት ሲያልቅ አሜሪካ ቀጥታ ይኬዳል?

ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከቦሌ ወደ 400 ሜትር ዝቅ ይላል፣ አውሮፕላኑ ከአሁኑ የበለጠ ክብደት ይዞ መነሳት ይችላል፣ ትልቅ ለውጥ ነው። ቀጥታ መሆን አለመሆኑን ግን የአውሮፕላኑ አይነትና ጭነቱ ናቸው የሚወስኑት። ለናንተ በፍጥነት መንገዱ ቅርብ ነው፣ የቡራዩና የሱሉልታ ሰው ግን ከተማውን አቋርጦ ገና ወደ 40 ኪሎ ሜትር ስለሚቀረው ከአሁኑ ይልቅ ቀድሞ መውጣት ይኖርበታል።