መጀመሪያ የአጎትሽን ድረ ገጽ ጠብቂ

ውድ እህቴ፣

ሌሎችም እንዲከታተሉን ጥያቄሽን በአጭሩ ላስቀምጠው። ባሕር ዳር፣ ፖሊ ካምፓስ የኮምፒውተር ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ። በጣና ላይ ቱሪስት ለሚያመላልሰው አጎትሽ የጀልባ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ሠርተሽለታል። አሁን የሰዎችን የግል መረጃ መጠበቅ ሙያዬ ይሁን ብለሽ ወስነሻል፤ ቴሌግራም ላይ ያየሽውን «በአጭር ጊዜ ሃከር» የሚል ኮርስ ከፍለሽ ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ ነው ያልሽኝ።

ለጊዜው ይቅርብሽ። ለጀማሪ ቦታ ሲያወዳድር ቀጣሪ ከምስክር ወረቀት ይልቅ የሚያምነው እጅ ላይ ያለ ሥራን ነው። አንቺ ደግሞ እውነተኛ ደንበኞች እውነተኛ መረጃቸውን የሚያስገቡበት ድረ ገጽ አለሽ። ብዙ ተመራቂ ይህን ዕድል አያገኝም።

የላክሽልኝን ቅጽ አየሁት። ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይል፣ የጉዞ ቀን፣ የትውልድ ቀን፣ የፓስፖርት ፎቶ፣ ያረፉበት ሆቴልና የክፍል ቁጥር ይጠይቃል። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አይቶ ከሰዓት በኋላ ለሚመለስ እንግዳ የትውልድ ቀኑ ምን ያደርጋል? የክፍል ቁጥሩና የጉዞ ቀኑ አንድ ላይ ሌባ እጅ ቢገቡ ደግሞ ክፍሉ መቼ ባዶ እንደሚሆን ነገርሽው ማለት ነው። እያንዳንዱን መጠይቅ ይዘሽ ከአጎትሽ ጋር ተቀመጪ፤ ለምን እንደሚያስፈልገው ማስረዳት ያልቻለውን አውጪው። የፓስፖርት ፎቶ የግድ ነው ካለም ጉዞው ካለቀ ከስንት ቀን በኋላ እንደሚጠፋ ወስኑና ራሱ የሚያጠፋ ኮድ ጻፊ። መረጃ መጠበቅ የሚጀምረው እዚህ ነው። ትልልቅ ድርጅቶችም ብዙውን ጊዜ የሚቸገሩት ማንም የማይጠቀምበትን መረጃ ለዓመታት በማከማቸታቸው ነው።

የይለፍ ቃሎችን በኤምዲ5፣ ማለትም ጽሑፍን ወደማይነበብ ኮድ በሚቀይር ስሌት (ሀሽ በሚባለው)፣ ቀይረሽ እንደምታስቀምጪ ጽፈሻል። ሳትውይ ሳታድሪ ቀይሪው። ኤምዲ5 በጣም ፈጣን ነው፤ ዳታቤዙን የሰረቀ ሰው በአንድ ጥሩ የግራፊክስ ካርድ በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ግምት ይሞክርበታል። ለይለፍ ቃል የሚመረጡት ቢክሪፕትና አርጎን2 የሚባሉት ስሌቶች ግን ሆን ተብሎ ዘገምተኛ እንዲሆኑ የተሠሩ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚም የተለየ ጭማሪ፣ ሶልት የሚባለውን፣ ስለሚያስገቡ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ቢመርጡ እንኳ ዳታቤዙ ውስጥ አይመሳሰሉም። ሮክዩ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ሲዘረፍ ከ32 ሚሊዮን በላይ የይለፍ ቃል እንዳለ፣ ምንም ሳይለወጥ ተቀምጦ ተገኘ። ያ ዝርዝር ዛሬም የይለፍ ቃል ለመገመት ይሠራበታል። ሊንክድኢን እ.ኤ.አ. በ2012 በተዘረፈበት ጊዜ ደግሞ ሀሽ ቢያደርግም ሶልት አልነበረውም፤ አብዛኛው በቀላሉ ተሰበረ።

ኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም በመንገድ ላይ ያለውን መረጃ የሚመሰጥረው ግንኙነት፣ ስላለሽ ደስ ብሎኛል። ግን አሳሹ ላይ የምትታየው የቁልፍ ምልክት የምትጠብቀው ከደንበኛው ስልክ እስከ ሰርቨርሽ ያለውን መንገድ ብቻ ነው። ሰርቨሩ ላይ ከደረሰ በኋላ ያለው ያንቺ ኃላፊነት ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝን ልንገርሽ። ደንበኛ ተመዝግቦ ሲጨርስ የሚከፈትለት ገጽ አድራሻው በቁጥር ያልቃል፤ አንቺ የላክሽልኝ በ41 ነው የሚያበቃው። ዛሬ ማታ በራስሽ ሁለት የሙከራ ደንበኞች መዝግቢ። በአንደኛው ስም ገብተሽ፣ አድራሻው ላይ ያለውን ቁጥር በሁለተኛው ቁጥር ቀይሪው። የሁለተኛው ሰው ፓስፖርት ከተከፈተልሽ፣ ማንኛውም ቱሪስት የሁሉንም ፓስፖርት ማየት ይችላል ማለት ነው። ይህን ለማድረግ ምንም የሃከር ችሎታ አያስፈልግም። በሶፍትዌር ደህንነት ላይ የሚሠራው ኦዋስፕ የተባለ ድርጅት የድረ ገጽ ስጋቶችን ደረጃ ሲያወጣ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ዝርዝሩ አንደኛ ያስቀመጠው ይህንኑ የፈቃድ ቁጥጥር ጉድለት ነው። መፍትሔው ቁጥሩን ረጅምና ለግምት አስቸጋሪ ማድረግ ብቻ አይደለም። በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ሰርቨሩ «ይህ መዝገብ የዚህ ሰው ነው ወይ?» ብሎ ማጣራት አለበት። ፎቶዎቹም በቀጥታ በአድራሻ የሚከፈቱበት ማህደር ውስጥ መቀመጥ የለባቸውም።

የካርድ ክፍያን ለክፍያ ድርጅት ተዪው። የካርዱ ቁጥር በአንቺ ዳታቤዝ ባያልፍ ይሻላል፤ ከጀርባው ያለችውን ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ደግሞ ክፍያው ከጸደቀ በኋላ ማስቀመጥ በካርድ ኢንዱስትሪው ደንብ ክልክል ነው።

ሥራውን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ። ባሕር ዳር ላይ «የመረጃ ጥበቃ ባለሙያ» የሚል የጀማሪ ማስታወቂያ ስትጠብቂ አትቀመጪ። በሶፍትዌር ሠሪነት፣ በሲስተም አስተዳደር ወይም በባንክ የአይቲ ክፍል ግቢና ከዚያ ወደ ደህንነቱ ተሻገሪ። ከሌሎች የሚለይሽ ግን ሕጉን ማወቅሽ ይሆናል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃ ሲያፈተልክ በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅን ይጠይቃል፤ ለደንበኛውም መረጃውን የማየት፣ የማስተካከልና የማሰረዝ መብት ይሰጠዋል። ኮድ የሚጽፈው አዋጁን አያነብም፣ አዋጁን የሚያነበው ኮድ አይጽፍም። ሁለቱንም የምታውቅ ልጅ ተፈላጊ ትሆናለች ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

አንድ ነገር አደራ። ይህን የቁጥር ሙከራ በሌላ ሰው ድረ ገጽ ላይ፣ ለበጎ አስበሽ እንኳ ቢሆን፣ የጽሑፍ ፈቃድ ሳትይዢ እንዳታደርጊው። ያለ ፈቃድ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል። ኮርሱን የሚሸጡልሽ ሰዎች ይህን አይነግሩሽም ይሆናል።

የሠራሽውን ሁሉ በሁለት ገጽ ጻፊው፤ ምን አገኘሽ፣ ምን አስተካከልሽ፣ ለምን። የእውነተኛ ደንበኛ ስምም ሆነ ፎቶ እንዳይገባበት። ሲቪሽ ላይ «ታታሪና ተግባቢ» የሚለውን አውጪና በምትኩ ይህን ጻፊ፦ «የጀልባ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ የፈቃድ ቁጥጥር ጉድለት አግኝቼ ዘግቻለሁ፤ የይለፍ ቃል አቀማመጡን ወደ አርጎን2 አሻግሬያለሁ፤ የማያስፈልጉ የግል መረጃዎችን አስወግጃለሁ።» ሲያልቅ ላኪልኝ፤ ከቃለ መጠይቅ በፊት አብረን እንለማመደዋለን።